ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

ዲላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ራዚያ፣

ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰላምታ ላይ ከቆየሁ ሐሳቤን እቀይራለሁ ብዬ እፈራለሁ። የፊዚክስ መምህርሽ ወልደዮሐንስ ነኝ። እንዳልረሳሽኝ አውቃለሁ፤ ልርሳዎት ብትዪም በየእንቁጣጣሹ በቴሌግራም የምልክልሽ የአበባ ሥዕል አያስረሳሽም። ይህን ግን ስልክ ላይ መጻፍ አልቻልኩም። በተማሪ ደብተር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ገጾቹን ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ ፀጋ ናት። የድሮ የዴስክ ጓደኛሽ ፀጋ ዛሬ እዚሁ ትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርት ሆናለች። ከመላክሽ በፊት አንብቢው ብያታለሁ። ለምን እንዳልኳት መጨረሻ ላይ ይገባሻል።

ግንቦት ሃያ ሦስት ቅዳሜ ስትመጪ ትምህርት ቤቱ ድንኳን ተክሎ ይቀበልሻል። ፕሮግራሙን አይተሽው ይሆናል። ከንግግሩ ቀጥሎ «ለዚህ ያበቃት መሠረት» በሚል ርዕስ ለአንድ መምህር ካባ ይደረባል፤ የምትደርቢውም አንቺ ነሽ። የተጻፈው ስም የእኔ ነው። ልብስ ሰፊው ባለፈው ሳምንት መጥቶ ትከሻዬን ለክቶ ሄዷል። «ሰፊ ትከሻ አለዎት፣ ጨርቁ ባይበቃስ» ብሎ አሾፈብኝና እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅሁ።

ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ካባ ነው። ስለ ቅናትም ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ ፀጉሬ ሸብቷል፣ እንዲህ ብሎ መጻፍም ያሳፍራል፤ ግን ቀናተኛ ሰው ነኝ።

ከፎቶው ልጀምር። ከአምስት ዓመት በፊት ቺሊ በረሃ ውስጥ ሥራ የጀመርሽ ሰሞን፣ በድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ለቀቅሽ። ክዳኑ የተከፈተ ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ከላዩ ላይ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የሚሄዱ አራት ቢጫ መስመሮች። ከሥሩ «ኮከብ የምንሠራበት ቦታ» ብለሽ ጽፈሻል። ወዲያው ሁሉም «ቲቸር ወልዴ ያብራሩልን» ማለት ጀመረ። አላውቅም ማለት አልሆነልኝም። «ነገ አብራራለሁ» ብዬ ጻፍኩና የወሩን የኢንተርኔት ጥቅሌን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት።

ነገ ያልኩት ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንቺ የምታውቂውን ነገር መልሼ ልነግርሽ ነው፣ ታገሺኝ፤ ምን ያህል እንደተማርኩት እንድታዪልኝ ስለምፈልግ ነው። ከኮከብ የሚነሳ ብርሃን ሺህ ዓመት ማንም ሳይነካው ተጉዞ ይመጣና፣ የእኛን አየር በሚያቋርጥባት በመጨረሻዋ የሰከንድ ሽራፊ ይዛባል። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር እየተቀላቀለ ስለሚንቀሳቀስ ቴሌስኮፑ የሚያየው የተንቀጠቀጠ ነገር ነው። እናንተ አየሩ በዚህች ቅጽበት ብርሃኑን ወዴት እንዳጣመመው ትለካላችሁ። ከዚያ ከጀርባው ብዙ መቶ ትንንሽ ዘንጎች የሚገፉትን ስስ መስታወት በተቃራኒው ታጣምማላችሁ፣ በሰከንድ እስከ ሺህ ጊዜ፣ ምስሉም ይቃናል። ለመለካት ግን ከምታዩት ነገር አጠገብ ደማቅ ኮከብ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በፈለጋችሁበት ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ትሠሩታላችሁ። ዘጠና ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከተወርዋሪ ኮከቦች የቀረ የሶዲየም ብናኝ አለ፤ ጨው ውስጥ ያለው ያው ሶዲየም ነው። በሌዘር ስትመቱት ያበራል። የሰው እጅ የሠራው ኮከብ ይሆንላችኋል፤ እሱን እያያችሁ አየሩን ትለካላችሁ።

ይህን ስረዳ ደስታ ብቻ ነው የተሰማኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሠላሳ ዓመት ስለ ብርሃን አስተምሬያለሁ። ስለ ሌንስ፣ ስለ መስታወት፣ ስለ ነጸብራቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ሥዕል ቢቀጣጠል ሞያሌ ይደርሳል። ቴሌስኮፕ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንቺ፣ ድምፅሽ ከሦስተኛው ዴስክ በላይ የማይሰማው ልጅ፣ ኮከብ ትሠሪያለሽ። እንዴት አልቀና?

ቅናቴን ምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ። ወደ ኩራት ቀየርኩት። ፎቶውን መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት በቀለም አሳትሜ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሰቀልኩት። በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሳፋ ውስጥ ውሃ እሞላና የታጠበ የቡና ፍሬ ከሥሩ አኖራለሁ። ውሃውን በእጄ አናውጥና «የሚንቀጠቀጠው ፍሬው ነው ወይስ ውሃው?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ፎቶው እያመለከትኩ «ይህችን ልጅ ባንኮ ጎቲቲ ቡና ማጠቢያ ወስጄ እንዲህ ብዬ ነው የጠየቅኋት» እላለሁ። ለወላጆች ኮሚቴ ተናግሬዋለሁ። ለክፍለ ከተማ ተናግሬዋለሁ። በሠርግ ቤት ሳይቀር ተናግሬዋለሁ። ባለቤቴ ድንቅነሽ «ይህችን ቡና እስከ ዛሬ አጥበህ አልጨረስካትም?» ትለኛለች።

አንቺ እውነቱን ታውቂዋለሽ። እኔ ባንኮ ጎቲቲ ሄጄ አላውቅም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በራዲዮ የሰጠሽውን ቃለ መጠይቅ በሻይ ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ አብረን ሰማነው። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ መሰረት ስልኳን ስኳር ማስቀመጫው ላይ አስደግፋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አውሮፕላን ሲቀርብ ሌዘሩን የሚያጠፋው ቡድን ውስጥ እንደሆንሽ ስትናገሪ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ጋዜጠኛው «ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ነገር ያሳየሽ ማነው?» አለሽ። መሰረት ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። እኔም የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ፤ በራዲዮ እንደምታዪኝ።

«ቲቸር ሲሞን ይባላሉ» አልሽ። «የባዮሎጂ መምህራችን ነበሩ። ቡና ማጠቢያ ወስደውን፣ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሬ አሳይተውን፣ የሚንቀጠቀጠው ማነው ብለው ጠየቁን። እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው የዚያን ጥያቄ መልስ ነው።»

ማንም ወደ እኔ ላለማየት ይጥር ነበር፤ ይኸው ከማየት ይብሳል። መሰረት ልታድነኝ ፈልጋ «ስም ተምታቶባት ይሆን እንዴ ጋሽ ወልደዮሐንስ?» አለች።

ከውሸቱ ማምለጥ እችል ነበር። «አይ፣ ልክ ናት» ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን «ተምታቶባታል» አልኩ። «ብዙ ዓመት ሆኗል እኮ። ሲሞን መኪና ነው ያመቻቸው፤ እኔ ነኝ የጠየቅኋት።» ሁሉም ወደ ሻዩ ተመለሰ። ፀጋ ብቻ ብርጭቆዋን እያየች ቀረች። በማግስቱ ኮሚቴው የካባውን ስም አጸደቀ።

በሲሞን መቅናት የጀመርኩት አንቺን ሳላውቅሽ በፊት ነው። ሁለታችንም በአንድ ዓመት ተቀጠርን። እሱ የሰሌዳ ጽሑፉ አይነበብም፣ በቦቲ ጫማ ክፍል ይገባል፣ ኪሱ ውስጥ ቅጠልና ነፍሳት አይጠፋም። የእኔ ሱሪ የተተኮሰ፣ የእኔ ሰሌዳ በማስመሪያ የተሠመረ። ከእኔ ክፍል የሚሰማው የጠመኔ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከእሱ ክፍል ሳቅ። ሲወጣ ተማሪ እስከ በሩ ይከተለዋል። እኔ ስወጣ መንገድ ይለቀቅልኛል። ይህንን አክብሮት ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ።

በታኅሣሥ 2003 ባንኮ ጎቲቲ ሊወስዳችሁ ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። አባትሽ አቶ ከሊፋ አይሱዙአቸውን ፈቅደውለት ነበር። «ወልዴ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። «ቡናውን የሚያብላላው እርሾና ፍሬው የእኔ ነው፤ ውሃውና ብርሃኑ ያንተ።» እኔም «ፊዚክስ ጭቃ ውስጥ አይማሩትም» ብዬ መለስኩለት። አይሱዙው ላይ ቆማችሁ እየዘፈናችሁ ስትወጡ በመስኮት አየኋችሁ። ለሲሞን ያልኩት ነገር እስኪጸጽተኝ ጊዜ አልፈጀም፤ ግን ወርጄ አልተከተልኩም።

ስለዚያ ቀን የማወራው ሁሉ ከአንቺ የሰማሁት ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ሳልጀምር እጅሽን አወጣሽ። እጅ ስታወጪ የመጀመሪያሽ ይመስለኛል። ፍሬው ከታጠበ በኋላ የሚያድርበት ገንዳ ውስጥ ውሃው ጥርት ያለ እንደነበር፣ ቲቸር ሲሞን የሚገባውን ውሃ ሲዘጋው ከሥር ያለው ፍሬ ቀጥ ብሎ እንደታየሽ፣ ሲከፍተው ደግሞ እንደተወዛወዘ ነገርሽኝ። «ፍሬው ግን አልተነካም ቲቸር። ኮከብም እንደዚያ ቢሆንስ? የሚርገበገበው አየሩ ቢሆንስ?» አልሽ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነበር። መምህር ሆነው ዕድሜ ልክ የሚጠብቁት ጥያቄ መጣልኝ፤ መጣልኝ ግን በሲሞን በኩል። «ሲሞን ደግሞ ፊዚክስ ማስተማር ጀመረ እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ቁጭ አልሽ።

ጥር ላይ ፈተና መጣ። ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት፦ ከዋክብት የሚርገበገቡት ለምንድን ነው? ጥያቄውን የወሰድኩት ከእኔ በፊት ከነበረ መምህር ከወረስኩት አሮጌ ወረቀት ነው፤ መልሱንም አብሬ። የመልስ ቁልፉ «ሀ» ይላል፤ ብርሃናቸው በየጊዜው ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ። አንቺ «ሐ» አልሽ፤ ብርሃናቸው በሚንቀሳቀስ አየር ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ። ቁልፉን ወረቀቱ ላይ አጋድሜ ሳርም ኤክስ አደረግሁብሽ። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ስህተት ማንም ይሠራል።

ወረቀቱን ይዘሽ ጠረጴዛዬ ጋ መጣሽ። ጣትሽን አሥራ አራት ላይ አደረግሽ። ያን ጊዜ አነበብኩት። እዚያው፣ አንቺ ቆመሽ፣ ልክ እንደሆንሽ አወቅኩ። ማረም አንድ የእስክሪብቶ ጭረት ነበር። ባርምልሽ ግን የባንኮ ጎቲቲው ገንዳ ልክ ሊሆን ነው፤ ሲሞን ልክ ሊሆን ነው፤ ክፍሉ በሙሉ የሳቀው በእኔ ሊሆን ነው። «ቁልፉ ሀ ነው የሚለው» አልኩሽ። ወረቀትሽን አጥፈሽ ሄድሽ። በዚያች አንድ ነጥብ አንደኛ ከመውጣት ሁለተኛ ወጣሽ።

ሲሞንም መጥቶ ነበር፤ ይህን ላታውቂ ትችያለሽ። በረንዳ ላይ ጠብቆኝ «ወልዴ፣ ልጁ ልክ ነው እኮ» አለኝ። ሲሞን በአማርኛ ሴትና ወንድ መለየት አይሆንለትም፤ ትስቁበት ነበር። እኔም ጌዴኦ ነኝ፣ እኔ ግን አማርኛዬን ለቅሜ ነው የምናገረው፤ ይህም አንዱ ኩራቴ ነው። «በሰው ትምህርት አትግባ» አልኩት። አልገባም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስለዚህ ነገር ደግሞ አላነሳብኝም።

እንግዲህ ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ። ሲሞን አሁን ገደብ ነው የሚኖረው፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ። ስድስት ዓመት አይቼው አላውቅም። ጠዋት ተነስቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ይቅርታ ልጠይቀው እንዳይመስልሽ። የሄድኩት ቃለ መጠይቁን ሰምቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ካልሰማ እንዳይመጣ ለማድረግ። ጪጩ ላይ አቮካዶ የሞላ ማዳበሪያ ለመጫን ሲቆም፣ ወናጎ ላይ ሰው ሲወርድ፣ የምለውን በልቤ አዘጋጅ ነበር። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ያስቸግራል፣ ዕድሜህም ገፍቷል፣ እኔ ሰላምታህን አደርሳለሁ።

ከእንሰቱ ጀርባ፣ ቡናው ሥር አረም ሲነቅል አገኘሁት። እዚያው ቦቲ ጫማ ውስጥ ነው። ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወልዴ፣ በሰላም ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም። እንዲያው ልጠይቅህ ነው።»

እጁን ታጥቦ አቀፈኝ። ቤት ገባን፤ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ገና ሳልጎርስ «ራዚያ ደህና ነው?» አለኝ። «ውጭ አገር ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ምንድን ነው የሚሠራው?»

አልሰማም። ስልኩ መደወያ ብቻ ናት፣ ኢንተርኔት የላትም። ልቤ ቀለለኝ፤ አልደብቅሽም። ከደስታዬ የተነሳ በረንዳ ላይ ወጥተን በእንጨት መሬት ላይ እየሣልኩ ሁሉንም አስረዳሁት፤ አየሩን፣ የሚጣመመውን መስታወት፣ ሌዘሩን፣ የሶዲየሙን ብናኝ። ማወቄን ማሳየት ፈልጌ ነበር። ክፍል ውስጥ እንዲህ የሰማኝ ተማሪ የለም። አንዳንዴ «አሃ» ይላል፣ አንዳንዴ ራሱን ይነቀንቃል። ጨረስኩ። ሥዕሉን አየና እንጨቱን ከእጄ ወሰደ።

«ቆይ ወልዴ። ሌዘሩ ሲወጣም በዚሁ አየር ነው የሚያልፈው?»

«አዎ።»

«ሲወጣ ወደ ቀኝ ከገፋው፣ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ግራ ይመልሰዋላ። እነሱ ጋ ሲደርስ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ታዲያ እውነተኛው ኮከብ እንዳለ ቦታ ሲለቅ በምን ያውቃሉ?»

ራዚያ፣ ይህንን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳነብ በአእምሮዬ አልመጣም፤ መልሱን መጨረሻ ገጽ ላይ አገኘሁትና ነው ጥያቄ መኖሩን ያወቅኩት። እሱ ቆጮ በልቶ ሳይጨርስ ደረሰበት። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ቀንቼ አላውቅም፤ በአንቺም፣ በማንም።

መልሱን ነገርኩት። የተሠራው ኮከብ ራሱ ከቦታው ዝንፍ ማለቱን መናገር እንደማይችል፣ ለዚያ የግድ አንድ እውነተኛ ኮከብ እንደሚፈለግ። ደማቅ ባይሆንም ግድ የለም፤ ደብዛዛም ቢሆን ይበቃል። ይህን እያልኩ ድምፄ ወረደ። ሲሞን ግን በጥያቄው ደስ ብሎት ይስቅ ነበር።

«አገር ቤት ሲመጣ ይህን እንዲያሳየን መጠየቅ ነው» አለ። «ይመጣል እንዴ?»

«አላውቅም» አልኩት።

ጥላ ይዞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ይርጋጨፌ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆመ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ቃለ መጠይቁን በጆሮ ማዳመጫ እንደገና ከፈትኩት። ይህን ቃለ መጠይቅ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ፤ ስሜን በስህተት እንኳ ጠርተሽ እንደሆነ ብዬ። አልጠራሽኝም። ስለ እኔ ክፉም አልተናገርሽም። የሳቅሁብሽን፣ ያስቀረሁብሽን ነጥብ መናገር ትችይ ነበር፤ አገር ይሰማሽ ነበር። ዝም ብለሽ አለፍሽኝ። ያን ጊዜ ነው የተቆጠረልኝ፤ ለአንቺ በፈተና ወረቀት ዋሸሁ፣ ለመምህራኑ ሻይ ላይ ዋሸሁ፣ አሁን ደግሞ ለሲሞን በገዛ ቤቱ፣ ምሳውን በልቼ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል «ወራጅ አለ» አልኩ።

ገደብ ስመለስ ሲሞን አረሙ ላይ ነበር። እንደገና ቀጥ ብሎ ቆሞ «አሁንስ ሰው ሞቷል» አለ። ስልኬን አውጥቼ እዚያ የወደቀ ግንድ ላይ አስደገፍኩና ድምፅሽን አሰማሁት። ሲያልቅ «እስቲ ድገመው» አለ። ደገምኩት። «እስቲ ድገመው።» በሦስተኛው ባለቤቱን ጠርቶ አብራው ሰማች። ከዚያ ቦቲውን አውልቆ ግንዱ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እኮ ምንም አላስተማርኩትም» አለኝ። «ውሃ ነው ያሳየሁት። ያስተማርከው አንተ ነህ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሳፋው፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ካባው፣ ስለ አሥራ አራተኛው ጥያቄ። እንዲቆጣ ጠበቅሁ። «አሥራ አራቱን አውቀዋለሁ፤ መጥቼ ነግሬህ ነበር እኮ» ብሎ ብቻ አለፈው። መቆጣት እንኳ አያውቅበትም። በዚህም ቀናሁበት።

ትናንት ሰኞ በሻይ ሰዓት፣ ያኔ በዋሸሁበት ቦታ ቆሜ «ራዚያ አልተምታታባትም» አልኩ። ሌላውንም ጨመርኩ፣ ፈተናውን ጭምር። መሰረት «እንግዲህ ስሙን እናስተካክላለን» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨቀጨቀችኝም። ሁሉም ሲወጣ ፀጋ ቀረች። ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ ሳታየኝ ተናገረች።

«ቲቸር፣ እኔም እኮ ገንዳው ዳር ነበርኩ።»

«አውቃለሁ ፀጋ።»

«አሥራ አራትን እኔም ሐ ብዬ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የበደልኩት አንድ ልጅ መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት ከእኔ ጋር ስታስተምር፣ ሳፋ ይዤ ስታየኝ፣ ገንዳውን እኔ እንዳሳየሁ ሳወራ እየሰማች አንድ ቀን አልተነፈሰችም። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «አስተማሪዬ ነዎት» አለች። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም።

ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ እፈርምበታለሁ፦ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የራዚያ ከሊፋ መልስ ልክ ነበር። የፀጋም መልስ ልክ ነበር። የመምህሩ ቁልፍ ስህተት ነበር፣ መምህሩም ያውቅ ነበር።

ተለውጫለሁ ብዬ አልጽፍልሽም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ እቀናለሁ። ካባውን ስትደርቢለት አጨበጭባለሁ፤ ከልቡ ነው ወይ ብለሽ ግን ወደ ፊቴ አትዪ። ዓርብ ሄጄ ከገደብ አመጣዋለሁ፣ እኛ ቤት ያድራል፣ ድንቅነሽ አልጋ አዘጋጅታለች። ቅዳሜ እኔ ከድንኳኑ መጨረሻ ወንበር ላይ ነኝ። ጥያቄና መልስ ሲደርስ እጄን አወጣለሁ። የሲሞንን ጥያቄ በስሙ እጠይቅሽና መልሱን በራስሽ አፍ እሰማለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነውና ካልሰማሽኝ ጮክ እንድል አታስገድጂኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ካባው ተሰፍቶ አልቋል፣ ልብስ ሰፊው መልሶ ሊያጠብበው ጊዜ የለውም። ሲሞን ደግሞ ቀጭን ነው፤ ከበፊቱም ቀጥኗል። ስትደርቢለት ከኋላው በኩል ሰብሰብ አድርጊና ያዢለት። በእኔ ልክ ነው የተሰፋው።

የፊዚክስ መምህርሽ የነበረው፣
ወልደዮሐንስ